የአባትሽ ባቡር አጨሰ

ውድ ቤዛዊት፣

ትናንት ከጸበልተኞቹ ቤት በር ውጭ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከውስጥ አንቺ እንደነበርሽ አውቃለሁ፤ ሳልሽን ሰምቻለሁ። ከሌላ ሰው ሳል ለመለየት አልተቸገርኩም፤ ክረምቱን በሙሉ እሱን እየሰማሁ ነው ያደርኩት።

አብረውሽ ጸበል የገቡት እማማ ሳቢት «ጸሎት ላይ ናት» አሉኝ። ሲዋሹ መሬት መሬት ያያሉ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ማፋጠጥ አልፈለግሁም። ይህን ደብዳቤም የሚያደርሱልሽ እሳቸው ናቸው። ልነግርሽ የመጣሁትን በር ላይ ቆሜ መጮህ እችል ነበር፤ ግን ሰው ይሰማል፣ ዳገቱም ትንፋሼን ጨርሶት ነበር።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። አብዛኛውን ታውቂዋለሽ። አንቺ የምታውቂውና እኔ የማውቀው አንድ መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሐኪሙ ሳንባ ነቀርሳ ነው ሲለን ከእኔ ይልቅ አንቺ ነበርሽ የተረጋጋሽው። «ስድስት ወር ምን አላት» አልሽ። በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ እየወረድሽ በሲስተር አይሻ ፊት ኪኒኑን ትውጪ ነበር። ሳሉ ቀነሰ። ቀሚስሽ እንደገና ሞላ። ሽንትሽ ሲቀላ ግን ደነገጥሽ። አይሻ የኪኒኑ ቀለም እንደሆነ ነገረችሽ፤ አንቺ ቤት ገብተሽ «ደሜን እያወጣው ነው» አልሽኝ። ከጥምቀት በኋላ ፍራሽሽን ጠቅልለሽ፣ ቢጫውን ጀሪካን ይዘሽ እንጦጦ ወጣሽ። «ድኛለሁ፤ የቀረውን ጸበሉ ይጨርሰዋል» አልሽ። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ጠዋት ኪኒን መዋጥ ጾም መግደፍ ሆነብሽ።

እኔ ዝም አልኩ። የተስማማሁ መስሎሽ ይሆናል። ደክሞኝ ነው።

የካቲት ላይ ኪኒኑን ይዤ ወጣሁ። አይሻ «ለሌላ ሰው አንሰጥም» እያለች፣ እኔ እየለመንኩ ነው የተቀበልኩት። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ከእነ እማማ ሳቢት ጋር ተቀምጠሽ ፀሐይ ትሞቂ ነበር።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አልሽኝ።

«ኪኒንሽን።»

«መልሰው።»

«አይሻ በየቀኑ ትደውላለች። መሀል ላይ ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያኔ የሚያድን ማግኘት ይከብዳል ትላለች።»

«አይሻ እግዜር ናት?»

«አይደለችም። ነርስ ናት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ያናደደሽ እሱ መሰለኝ። ተነሣሽ።

«የጀመርሽውን ጨርሺ የምትለኝ አንተ ነህ? አንተ? የኩሽናው በር ማጠፊያ ስንት ፋሲካ አለፈው? የአባቴን ባቡር ነገ እሠራዋለሁ ካልክ ስንት ነገ አለፈ? የሰፈሩን ቴሌቪዥን ሁሉ ትሠራለህ! ስማ፤ ያን ባቡር ያጨስክ ቀን ኪኒንህን እውጣለሁ። ማርያምን!»

እማማ ሳቢት የያዙትን ጣሳ አስቀመጡ። «ኧረ ልጄ! በሷ ደጅ ቆመሽ በሷ አትማይ!»

«ምያለሁ በቃ» አልሻቸው። «አይሠራውም። አውቀዋለሁ።»

ቁልቁለቱን ስወርድ ሌላ ጊዜ የማስበው ጉልበቴን ነው። የዚያን ቀን ግን መሐላሽን አሰብኩ። እኔ የምምል ሰው አይደለሁም። ቤተ ክርስቲያንም የምሄደው ሰው ሲሞት ነው። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። ከእህትሽ ጋር ተጣልታችሁ «ማርያምን ደጇን አልረግጥም» ያልሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ታማ ስትተኛ እንኳ ከአጥር ውጭ በርጩማ ላይ ቆመሽ በመስኮት ነው የጠየቅሻት። ሾርባውን በመስኮት አቀበልሻት። ሰፈሩ ሲስቅብሽ ግድ አልሰጠሽም። ስለዚህ ከአፍሽ ያመለጠው ለእኔ ቀልድ አልነበረም። ከሐኪሙም ከእኔም ምክር ይልቅ አንቺን የሚይዝ ነገር አገኘሁ።

በማግስቱ የባቡሩን ሳጥን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት።

መጫወቻውን ባቡር ከነታሪኩ ከአንቺ ነው የሰማሁት። አባትሽ ጋሽ ደቻሳ አትክልተኛ ሆነው የሠሩበት ቤት ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ከነሐዲዱ ሰጣቸው። በገና ቀን ግቢ ውስጥ ይዘረጉትና የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ጭስ የተፋ ቀን ግማሾቹ ልጆች ሮጠው አጥር ዘለሉ ብለሽኛል። አብሮት የመጣው የዘይት ብልቃጥ ሲያልቅ አባትሽ የኑግ ዘይት ጨመሩበት። ወጥ ወጥ እየሸተተ ጥቂት አጨሰና አቆመ። እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ መምሬ አክሊል ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። መምሬ ሲረጩ እጃቸው አይቆጥብም። እኔ ቴሌቪዥኑን በፌስታል ሸፈንኩ። መደርደሪያው ላይ የነበረውን ባቡር ረሳሁት። ከዚያ በኋላ ጭሱ ቀርቶ መብራቱም አልበራ አለ፤ አንቺም ጠቅልለሽ ሳጥኑ ውስጥ ከተትሽው።

ሱቅ ይዤው ስገባ ጎረቤቴ ጎሚስታው ጌቱ አየኝ።

«ጋሽ ዮፍታሔ፣ ቀላል ባቡሩ ተበላሽቶ አንተ ጋ መጣ እንዴ?»

«ጎማው ተንፍሶ ከሆነ ላንተ ልሰጥህ ነው።»

«ባቡር ጎማ የለውም።»

«ለዚህ ነዋ ሥራ የፈታኸው።»

ሥራ የፈታሁስ እኔ ነኝ። የአሁን ቴሌቪዥን ስክሪኑ ከተሰበረ ይጣላል እንጂ አይሠራም። ሰዉ የሚያመጣልኝ ሪሞት ነው። ስለዚህ ጊዜ ነበረኝ።

የጭሱ ነገር ሲታይ ቀላል ነው። ጭስ ማውጫው ውስጥ ትንሽ ጣት የማታስገባ ቱቦ አለች። እሷ ውስጥ ከፀጉር ብዙ የማይወፍር ሽቦ ክር ላይ ተጠምጥሟል። ክሩ ዘይት ይጠጣል፣ ሽቦው ይግላል፣ ዘይቱ ይጨሳል። ስከፍታት የአባትሽ ኑግ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። በወረንጦ እየለቀምኩ አወጣሁት። ከሥሩ፣ ሽቦው የተያዘበት መዳብ አረንጓዴ ዝጓል፤ ሽቦውም ተበጥሷል። ዝገቱ የመምሬ ነው።

መጀመሪያ ከተጣለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ፈታሁ። ወፍራም ነበር። ለሐዲዱ መብራት የሚያቀብለው ትራንስፎርመር እንደ ንብ ጮኸና ጸጥ አለ። ባቡሩን ትቼ ትራንስፎርመሩን ስጠግን ሰነበትኩ። ከዚያ ፀጉር ቤት ያላት ሮሃ የተቃጠለ የፀጉር ማድረቂያ ሰጠችኝ። የሱ ሽቦ ቀጭን ነው። ረዘም አድርጌ ስጠመጥመው ለብ ይላል እንጂ አያጨስም። ሳሳጥረው ይቀላና ይበጠሳል። የጥጥ ክር አደረግሁ፤ ክሩ ራሱ ነደደ። የአሮጌ ካውያ ገመድ ቀድጄ እሳት የማይበላውን ሽፋን አወጣሁና በእሱ ተካሁት። መነጽሬ ላይ ሌላ መነጽር ደርቤ ነበር የምሠራው። እጄ እንደ ድሮው አይደለም፤ ወረንጦው ጫፍ ላይ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ ሽቦው ሊያዝልኝ ሲል መብራት ይጠፋል። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የምረግመው ሰው እንኳ አልነበረኝም።

መሀል ላይ አይሻ ደወለች።

«ጋሽ ዮፍታሔ፣ መጣች?»

«አልመጣችም። እየሠራሁላት ነው።»

«ምን?»

«ባቡር።»

ያበድኩ መስሏት ይሆናል። ከዚያ «እዚያ ስንት ሴት አብሯት ይተኛል?» አለችኝ።

«ብዙ።»

«እንግዲያው ነገሩ የሷ ብቻ አይደለም» ብላ ዘጋችው።

እማማ ሳቢት ከአንቺ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ እንደሚተኙ ነግረሽኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው የጌቱን ምክር የሰማሁት። ከበር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ከርሞ፣ «ምን ትደክማለህ?» አለ። «ያ የትንኝ ማባረሪያ፣ ክብ ሆኖ የሚነደው፣ ቁራጩን ለኩስና ጭስ ማውጫው ውስጥ ክተትለት። ጭስ ጭስ ነው። ማን ያያል?»

«እሷ ታያለች።»

«ሴትዮዋ ታማለች ጋሼ፤ ኢንስፔክተር አይደለችም።»

አደረግሁት። ቁራጩን አጣብቄ ለኮስኩት፤ አማረ። እንዲያውም ከእውነተኛው ሳይሻል አይቀርም። አጥፍቼ፣ ባቡሩን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ ወደ ላይ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እንጨት የተሸከሙት ሴቶች የሚወርዱበት ቦታ ላይ «ወራጅ» አልኩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ጎብጠው እያለፉ አዩኝ። አንዷ «አባባ፣ ደከመዎት?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የመለሰኝ ሕሊናዬ አይደለም። ኪኒኑ የአንድ ቀን ቢሆን እዋሽሽ ነበር፤ ሳላፍርም። ግን የወራት ነገር ነው። ጌቱ አፉን አይዝም። አንድ ቀን ትሰሚያለሽ፤ ያን ቀን ኪኒኑን ትተፊዋለሽ፣ እኔንም አብረሽ። ከዚያ ወዲያ የሚይዝሽ ምንም ነገር የለም። ቁልቁል ወርጄ ሱቄን ከፈትኩ።

የሽቦውን ልክ በመጨረሻ አገኘሁት፤ ቀጥሎ የቀረው ዘይቱ ነበር። ኑግ እንደማይሆን ከአባትሽ ተምሬያለሁ። ላምባ ቤት ያቃጥላል። ፋርማሲ ገብቼ ፈሳሽ ፓራፊን ጠየቅሁ።

«ለሆድ ድርቀት ነው?» አለችኝ ልጅቱ።

«ለጭስ ነው።»

«ለማን?»

«ለሚስቴ ባቡር።»

ጠርሙሱን ሰጠችኝና ከባልደረባዋ ጋር ተያዩ።

በስሪንጅ ትንሽ ጠብ አደረግሁበት። ስፒናውን ሰካሁ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሽታ መጣ፤ መጥፎ አይደለም፣ የጠፋ ሻማ ዓይነት ነው። ከዚያ ከጭስ ማውጫው አፍ ላይ ነጭ ነገር ብቅ አለ። መንኮራኩሩ ሲዞር ጭሱ ትፍ ትፍ ማለት ጀመረ። ስትነግሪኝ ያጋነንሽ ይመስለኝ ነበር፤ አላጋነንሽም። ጌቱ ካቻቪቴውን ጥሎ «ወጣ! ሮሃ፣ ኑ! ወጣ!» እያለ መንገድ ላይ ሮጠ። ፀጉራቸው በቢጎዲን የተጠቀለለ ሴቶች ሱቄን ሞሉት። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ደስ ብሎኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጀርባዬን አሞኛል አልኳቸው።

በነጋታው ከቅዳሴ በኋላ መምሬ አክሊል ጋ ሄድኩ። ሲያዩኝ ሰው የሞተ መሰላቸው።

«ማን አረፈ?»

«ማንም አላረፈም አባ። መሐላ ልጠይቅዎት ነው።» ነገርኳቸው። ስለ ጸበሉና ስለ ባቡሩም ነገርኳቸው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አሉ።

«ግማሹን። ግማሹ የኑግ ዘይት ነው።»

«ለምን አልሸፈንከውም?»

«ቴሌቪዥኑን ሸፍኜ ነበር።»

«እሱን አልረሳኸውም አይደል!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «በእመቤታችን ስም መማሏ ደግ አይደለም፤ ስትመጣ እኔው እመክራታለሁ። ግን ከማለች አይቀር የማለችው ለደግ ነገር ነው፤ ትፈጽመው። መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፣ ጸበሉንም የሰጠ እሱ ነው። ማን ነው ሁለቱ አይገናኙም ያላት? በጸበሉ ትዋጠው። ጾሙንም ለታመመ ሰው እኔ ፈትቻለሁ። የነፍስ አባትሽ ነው ያለው በላት።»

ይኸው አልኩሽ።

ትናንት ባቡሩን፣ አጭሩን ሐዲድና የጌቱን የሞተር ሳይክል ባትሪ ተሸክሜ ወጣሁ። እዚያ መብራት እንደሌለ አውቃለሁ። ባትሪው ከበግ ይከብዳል። በሩ ፊት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሐዲዱን ዘረጋሁ። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ሁሉንም ሰምተሻል፤ ግን አላየሽምና ልንገርሽ።

«ያስማለቻት ይቺ ናት?» አለች አንዷ።

«አጭሳ ሽሮ ታበስል እንደሆነ ጠይቂው።»

ነፋስ ነበር። የመጀመሪያውን ጭስ ነፋሱ ወሰደው፤ ማንም አላየም። እማማ ሳቢት ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ከለሉልኝ። ከዚያ ወጣ። እንደ ሱቁ አላማረም፤ ቀጭን ነበር። ግን ወጣ። ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት። እማማ ሳቢት እጃቸውን ከጭስ ማውጫው በላይ ያዙና «ይሞቃል» አሉ። ወደ በሩ ዞረው ጮኹ፤

«ልጄ! አጭሷል! እኔ አይቻለሁ፤ እኔ እመሰክራለሁ!»

ያን ጊዜ ነው የሳልሽው። ረጅም ነበር። መጨረሻው ላይ አፍሽን በልብስ ስታፍኚው ሰማሁ። በሩ አልተከፈተም። ዘይቱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ሐዲዱን ፈታሁና ወረድኩ።

ለምን እንዳልወጣሽ አውቃለሁ። ካየሽው መሐላው ይይዝሻል፤ ካላየሽው ሌላ ቀን ታገኚያለሽ። የፈራሽው ኪኒኑን ብቻ አይመስለኝም። አልዳንኩም ብሎ መውረድ ይከብዳል፤ ድኛለሁ ብለሽ ሰፈሩን ተሰናብተሽ ነው የወጣሽው። እዚህ ግን ማንም አይስቅብሽም። የሚስቁት በእኔ ነው፤ ባለ ባቡሩ ይሉኛል።

ነግሬሽ የማላውቀውን ልጻፍ። ክረምቱን ስትስዪ የተኛሁ እየመሰልኩ ነበር የማድረው። ውሃ አምጣልኝ እንዳትዪኝ ብዬ አልነበረም። ዓይኔን ብገልጥ ፊቴ ላይ ፍርሃቴን ታያለሽ ብዬ ነው። አሁንም እፈራለሁ። አልጋው ሰፍቶኛል፣ ወጥ መሥራት አልቻልኩም፣ እነዚህ ይለመዳሉ። የማይለመደው ሌላ ነው፤ እሱን አልጽፈውም።

ከእንግዲህ በሩ ድረስ አልወጣም። ጉልበቴ እምቢ ብሏል፤ ባትሪውንም ለጌቱ መልሻለሁ። ሰኞ ጠዋት ሚኒባሶቹ የሚዞሩበት ቦታ ላይ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ አብረን ጤና ጣቢያ እንወርዳለን። አክታሽን ይመረምራሉ፤ የዕለቱን ኪኒን አይሻ ፊት ትውጪያለሽ። እማማ ሳቢትንም ይዘሻቸው ነይ፤ እሳቸውም ይመርመሩ። ሁለት ሆናችሁ ብትወርዱ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ደግሞ ጀሪካንሽን አትርሺ። አይሻን ጠይቄያታለሁ፤ ኪኒኑን በጸበል ብትውጠው ችግር አለው ወይ አልኳት። «በምን እንደምትውጠው እኔ ምን ቸገረኝ፤ ብቻ ጉሮሮዋን ሲያልፍ ልየው» አለችኝ።

ሰኞ ካልመጣሽ ማክሰኞም እዚያው ነኝ።

ባልሽ
ዮፍታሔ
ጉለሌ፣ መጋቢት